የአንድ ሚኒባስ የመድን እድሳት በባሕር ዳር፦ የአደጋው መዝገብ በማን ስም ይጻፋል?

በጥቅምት 2011 መጀመሪያ ላይ፣ በባሕር ዳርና በወረታ መካከል የሚመላለስ አንድ የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ የሙሉ ኢንሹራንስ ውሉ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ለባለንብረቷ የእድሳት ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው ባለፈው ዓመት 14,400 ብር የተከፈለበት ውል በ25,200 ብር እንደሚታደስ፣ በየአደጋው ከኪሳቸው የሚሸፍኑት ኤክሰስ ከ2,000 ወደ 6,000 ብር ከፍ እንደሚል፣ መኪናውን የሚይዘው ሾፌርም በስሙ ተጠቅሶ የመንጃ ፈቃዱ ቅጂ እንዲቀርብ የሚያሳስብ ነበር። ምክንያቱ የተገለጸው በአንድ መስመር፣ ባለፈው የውል ዘመን ቀርበው የነበሩትን የካሳ ጥያቄዎች በመጥቀስ ብቻ ነው። ባለንብረቷ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆኑ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ይዘው በመድን ወኪልነት ወደምሠራበት ቢሮ ሲመጡ ያቀረቡልኝ ጥያቄም ይኸው ነበር፤ «ልጄ፣ እኔ መኪና ነድቼ አላውቅ፤ አደገኛ የተባልኩት በምን ጥፋቴ ነው?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ ያስፈለገውም ስለዚሁ ነው። ከፍተኛ ሥጋት ያለበት አሽከርካሪ ስንል በሐሳባችን የሚመጣው መሪውን የያዘው ሰው ቢሆንም፣ በእኛ አገር አሠራር የአደጋው መዝገብ የሚከማቸው በመድን ገቢው ስምና በመኪናው ሰሌዳ ላይ ነው። ሾፌሩ መኪና በቀየረ ቁጥር መዝገቡን ባለንብረቱ ዘንድ ትቶ ይሄዳል። የባለጉዳዮቹንም ሆነ የመድን ድርጅቶቹን ስም አልጠቅስም። የገንዘቡ መጠን ሁሉ ከፋይላቸው የተወሰደ የ2010 እና የ2011 ዋጋ ስለሆነ ከዛሬው ገበያ ጋር ማነጻጸር አይገባም።

ግዴታው የት ላይ ያበቃል?

በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ መድን፣ ሳይኖረው መንገድ ላይ ሊወጣ አይችልም። ዓረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ በየዓመቱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚነሳው ከተሽከርካሪው ዓይነትና ከሚሰጠው አገልግሎት በመሆኑ፣ ሾፌሩ ሃያ ዓመት የሠራም ይሁን ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ለውጥ የለውም። ጉዳዩ በተከሰተበት ጊዜ አዋጁ ያስቀመጠው የካሳ ጣሪያ ለሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት በአንድ ሰው 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር፣ ለተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር ነበር። ባለንብረቷ እስከዚያ ድረስ «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲሉ መድኑ የደረሰውን ጉዳት ሁሉ፣ ምንም ያህል ይሁን፣ ይሸፍናል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት በብዙ ባለንብረቶች ዘንድ ያለ ነው።

የሕግ ኃላፊነታቸው ግን በዚያ ጣሪያ አይወሰንም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ራሱ ያጠፋው ነገር ባይኖርም፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ለወይዘሮዋ ጥያቄ ሕጉ የሚሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ ተጠያቂ ያደረጋቸው ጥፋታቸው ሳይሆን ባለቤትነታቸው ነው።

ከግዴታው በላይ ያለው፣ የራስን መኪና ጉዳት የሚጨምረውና በተለምዶ ሙሉ ኢንሹራንስ የሚባለው ሽፋን፣ መድን ሰጪው በራሱ ዋጋ የሚሸጠው የንግድ ውል ነው። እንደ አደጋ መዝገብ ተጨማሪ ክፍያ የሚጫነውም፣ ቅናሽ የሚሰጠውም፣ የሾፌሩ ዕድሜና ልምድ የሚጠየቀውም እዚህ ላይ ነው። ባለንብረቷ ይህን ትተው በሦስተኛ ወገን ብቻ ለመሥራት አስበው ነበር፤ ሆኖም ሚኒባሱ በባንክ ብድር የተገዛና ዕዳው ገና ያላለቀ ስለነበር፣ የብድር ውሉ ሙሉ ሽፋኑ እንዳይቋረጥ ያስገድዳቸው ነበር።

ዓመቱ እንዴት አለፈ?

በጥቅምት 2010 ውሉ ሲፈረም መኪናው በ600,000 ብር ተገምቶ፣ በ3 በመቶ ሒሳብ ዓረቦኑ 18,000 ብር ሆነ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የካሳ ጥያቄ ስላልቀረበበት 20 በመቶ ተቀንሶለት 14,400 ብር ተከፈለ። በማመልከቻ ቅጹ ላይ በሾፌርነት የተመዘገቡት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በዚሁ መስመር የሠሩ ሰው ነበሩ። በጥር ወር እኚህ ሰው የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ወደ አንድ የግንባታ ሥራ ሄዱ፤ መኪናውንም መንጃ ፈቃዱን ካወጣ ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው የ24 ዓመት ወጣት ተረከበ። ወጣቱ አንድ ዘመዱን ዋስ አቅርቦ፣ በቀን 500 ብር ገቢ ለማስገባት ተስማምቶ ሥራ ጀመረ። ለመድን ድርጅቱ ግን ማንም አልነገረም፤ መንገር እንደሚያስፈልግ የነገራቸውም አልነበረም። በንግድ ሕጉ ቁጥር 669 መሠረት በውሉ ዘመን ሥጋቱን የሚያከብድ ለውጥ ሲመጣ መድን ገቢው የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ የሾፌር መለወጥ ከእነዚህ ለውጦች ዋነኛው ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የመጀመሪያው አደጋ የደረሰው በመጋቢት ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከመመረቁ በፊት ከከተማው ወደ ዓባይ ማዶ የሚሻገረው መኪና ሁሉ በአሮጌው ድልድይ ያልፍ ስለነበር፣ ጠዋትና ማታ መግቢያው ላይ ሰልፍ የተለመደ ነበር። ወጣቱ ስልኩን እያየ ሰልፉ ወደፊት የሄደ መስሎት ቆሞ የነበረን የጭነት አይሱዙ ከኋላው ገጨው። አይሱዙው ከኋላ ብረቱ ላይ ቀለም ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነም። የሚኒባሱ ፓራውልት ግን ለሁለት ተሰብሯል፣ ኮፋኖው ታጥፏል፣ ራዲያተሩም ወደ ሞተሩ ተገፍቷል። ጥገናው 32,000 ብር ፈጀ፤ መድን ሰጪው ኤክሰሱን ቀንሶ 30,000 ብር ከፈለ። የመንጃ ፈቃዱን ቀን ያየ ሰው በዚያ ጊዜ አልነበረም።

ሁለተኛው በሰኔ፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ በመሸ ጊዜ፣ ከወረታ ሲመለስ ከሐሙሲት አልፎ ወደ ዘንዘልማ ሲቃረብ የደረሰው ነው። መብራት የሌለው ብስክሌት የሚነዳ አንድ ገበሬ በመንገዱ ጠርዝ ይሄድ ነበር፤ ወጣቱ ከፊቱ የነበረውን ጋሪ ሊያልፍ ወጥቶ ሲመለስ ሰውየውን መታውና እግሩን ሰበረው፤ መኪናውም ቦዩ ውስጥ ገባ። ተሳፋሪዎቹ አልተጎዱም። ትርፍ ሰው አለመጫኑም በትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት ላይ ሰፍሯል፤ ይህች አንዲት መስመር ኋላ ላይ ባለንብረቷን ከብዙ ክርክር አድናቸዋለች። ተጎጂው ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሾፌሩም ጣቢያ አደረ።

በዚህ መሀል የሆነው ነገር በእኛ አካባቢ በየጊዜው የሚደጋገም ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሾፌሩ በዋስ እንዲፈታና ነገሩ እንዲረግብ በማግስቱ ሽማግሌዎች ተላኩ። በሦስተኛው ሳምንት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ባለንብረቷ ለሕክምናና ሰውየው ከእርሻው ለቀረበት 50,000 ብር እንዲከፍሉ ወሰኑ፤ ወይዘሮዋም 20,000 ብሩን እዚያው ቆጥረው ሰጥተው፣ ለቀሪው ፈርመው ተነሡ። ሽምግልናው ቂምን ያበረደና የሰውየውን ቤተሰብ ያላስራበ መልካም ሥራ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ችግሩ በመድን ውሉ ላይ ድርጅቱ በጽሑፍ ሳይስማማ ኃላፊነትን ማመን፣ ካሳም ቃል መግባት የሚከለክል አንቀጽ መኖሩ ነው። ድርጅቱ በሽማግሌዎቹ ስምምነት እንደማይገደድ ገልጾ የሕክምና ደረሰኞችንና የሐኪም ማስረጃን ብቻ መርምሮ ለተጎጂው 24,000 ብር ከፈለ፤ የቀረው 26,000 ብር በወይዘሮዋ ላይ ቀረ። ከሽምግልናው በፊት አንድ ደብዳቤ ለድርጅቱ ቢጻፍና ተወካይ እንዲገኝ ቢጠየቅ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር፤ ድርጅቶች ሰው ሲልኩ፣ ከሽማግሌ ጋር ሲነጋገሩም አይቻለሁ።

የመኪናው የራሱ ጉዳት 45,000 ብር ነበር። የካሳ ክፍሉ በዚህኛው ጊዜ የመንጃ ፈቃዱን ቀን አየ፤ በውሉ ላይ ዕድሜው ከ25 ዓመት በታች በሆነ ወይም ሁለት ዓመት ልምድ በሌለው ሾፌር እጅ አደጋ ሲደርስ 3,000 ብር ተጨማሪ ኤክሰስ ስለሚቀነስ፣ በድምሩ 5,000 ብር ተቀንሶ 40,000 ብር ተከፈለ።

ሒሳቡ ሲደመር

መድን ሰጪው በዓመቱ ያወጣው 30,000፣ 40,000 እና 24,000 በድምሩ 94,000 ብር ነው፤ የተቀበለው ደግሞ 14,400 ብር። ከስድስት እጥፍ በላይ ከከፈለ በኋላ ቅናሹን አንሥቶ 18,000 ብር ላይ 40 በመቶ ቢጨምር፣ ማለትም 25,200 ብር ቢጠይቅ፣ በመድን አሠራር የሚያስገርም አይደለም። ደብዳቤው ይህን ስሌት በሁለት መስመር ቢያስረዳ ኖሮ ባለንብረቷ ያን ያህል ባልተቆጡም ነበር። የዓረቦን ጭማሪ የሚያስፈጽም ድርጅት ምክንያቱን ለደንበኛው በቁጥር የማስረዳት ዕዳ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ወይዘሮዋ ያዘኑት በ10,800 ብሩ ጭማሪ ነበር። ወረቀቶቹን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስንደምር ግን ጭማሪው ከዓመቱ ኪሳራ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በኤክሰስ መልክ 7,000 ብር ወጥቷል፤ በሽምግልናው 26,000 ብር ወጥቷል፤ መኪናው በመጀመሪያው አደጋ 18 ቀን፣ በሁለተኛው 24 ቀን ጋራዥ በመቆሙ በቀን 500 ብር ሒሳብ 21,000 ብር ገቢ ቀርቷል። ይህ 54,000 ብር ነው። መኪና ጋራዥ ሲቆም የሚቀረውን ገቢ የእርሳቸው ውል እንደማይሸፍንም ያወቁት በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስቱ መንገዶች

አንድ የወንድማቸው ልጅ ሌላ መድን ሰጪ ድርጅት በስልክ ጠይቆ ለዚያው መኪና 17,500 ብር የሚል ዋጋ ይዞላቸው መጣ። የታሪኩ መጠምዘዣ ይህ ነበር፤ ምክንያቱም ዋጋውን በስልክ የሰጠው ሰው ስለ አደጋ አልጠየቀም፤ ቅጹ ግን ይጠይቃል። ቅጹን አየሁት፤ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከፊርማው በላይ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት የደረሰ አደጋ ካለ እንዲጠቀስ የሚል ጥያቄና ሁለት ቃል እንኳ የማታስጽፍ ጠባብ ሣጥን አለች። ልጁ «የለም» ብሎ መጻፍ ምን ችግር አለው፣ ማንስ ያውቃል ሲል ተከራከረ።

የንግድ ሕጉ ቁጥር 668 ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተገለጸ ነገር ሲኖር ውሉን ዋጋ ያሳጣዋል። ሳይታወቅ በቀረ ነገር ከሆነ ውሉ አይፈርስም፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከታወቀ ግን ካሳው የተከፈለው ዓረቦን ሊከፈል ይገባው ከነበረው ጋር እየተነጻጸረ ይቀነሳል። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 የመድን ድንጋጌዎቹን ስላልነካቸው ይህ ዛሬም የሚሠራ ሕግ ነው። ሁለት አደጋ በአንድ ዓመት አድርሶ «የለም» ብሎ መጻፍን ሳይታወቅ የቀረ ነገር ነው ብሎ የሚቀበል ዳኛ ይገኛል ብዬ አላስብም። ማንም አያውቅም የሚለውም አያስኬድም፤ ቅጹ የቀድሞውን መድን ሰጪ ስም ይጠይቃል፣ ድርጅቶቹ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፣ የትራፊክ ሪፖርቱም በፋይል ተቀምጧል። መኪናው ራሱም ይናገራል፦ ለእድሳት ምርመራ የመጣው ባለሙያ የግራውን ፓራፋንጎ በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁ የደነዘዘ ሲሆንበት ከቀለሙ ሥር የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ አገኘ። ወጣቱ አንድ ሌላ ግጭት ለማንም ሳይናገር በራሱ ገንዘብ አስደፍኖ ኖሯል፤ ወይዘሮዋ የሰሙት ከባለሙያው አፍ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የመኪናውን ግምት ባለበት ትቶ ዓረቦኑን ማሳነስ ነበር። በጥቅምት 2010 መግቢያ ላይ ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ በ15 በመቶ ዝቅ ካደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ ወጥቶ ያ ሚኒባስ በገበያ 800,000 ብር ያወጣ ነበር። በ600,000 ብር መድን መግባት ማለት ከዋጋው ሦስት አራተኛውን ብቻ ማስዋስ ነው፤ በዚህ ጊዜ መድን ሰጪው በየአደጋው የሚከፍለው ሦስት አራተኛውን ብቻ ይሆናል። የሰኔው 45,000 ብር ጥገና ቢደገም 33,750 ብር፣ ከዚያም ኤክሰሱ ተቀንሶ የቀረው ብቻ ይደርሳቸዋል። የሚጫንባቸው ኤክሰስ በሦስት እጥፍ ባደገበት ዓመት ግምቱንም ዝቅ ማድረግ መድኑን ለባንኩ የሚታይ ወረቀት ከማድረግ አያልፍም።

የተመረጠው ሦስተኛው፣ ከነበሩበት ድርጅት ጋር መደራደር ነው። የያዝነው መከራከሪያ አደጋዎቹ በሙሉ ከጥር በኋላ፣ በአንድ ሾፌር እጅ የደረሱ መሆናቸው ነበር። ከዚያ በፊት መኪናው ንጹሕ ነው። የቀድሞው ሾፌር ተመልሰው በስም ቢመዘገቡ ሥጋቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል ብለን ጻፍን፤ ያልተነገረውን የፓራፋንጎ ግጭትም አልደበቅንም። ድርጅቱ ጭማሪውን ከ40 ወደ 25 በመቶ ዝቅ አደረገ። የ6,000 ብሩ ኤክሰስና በስም የተጠቀሰው ሾፌር ብቻ እንዲነዳ የሚለው ግዴታ ግን ባሉበት ቀሩ። በ800,000 ብር ግምት 24,000፣ ከ25 በመቶው ጋር 30,000 ብር ተከፈለ፤ ወይዘሮዋ ገንዘቡን ያገኙት የሥራ ባልደረባቸው የእቁብ ዕጣዋን ስለለቀቀችላቸው ነው።

መኪናው ቀረ፣ ሾፌሩ ሄደ

የቀድሞው ሾፌር የተመለሱት በወር 800 ብር ጭማሪ ተስማምተው ነው። ይህ በዓመት 9,600 ብር ሲሆን፣ በእርሳቸው መመለስ ምክንያት ከዓረቦኑ የቀነሰው 15 በመቶ ደግሞ 3,600 ብር ብቻ ነው። በዓረቦን ቅናሽ ብቻ ከታሰበ እንግዲህ አያዋጣም። የሚያዋጣው ከላይ የተደመረው 54,000 ብር ሲታሰብ ነው፤ ልምድ ያለው ሾፌር የሚያተርፈው ገንዘብ በአብዛኛው በመድን ደረሰኝ ላይ የማይታይ ነው። ከእርሳቸው ጋር በጽሑፍ በተደረገው ውል ማንኛውም ግጭት፣ ስፖኪዮ እንኳ ቢሰበር፣ በዕለቱ ለባለንብረቷ እንዲነገር፣ ሌላ ሰው መሪ እንዳይዝ፣ ዓመቱ ያለ አደጋ ካለፈ ደግሞ በእድሳት ከዓረቦኑ ላይ የሚቀንሰው ገንዘብ ለሁለት እንዲካፈል ተጻፈ። የመጨረሻው ሐሳብ የወይዘሮዋ የራሳቸው ነው፤ ከእኔ ቢጠየቅ ኖሮ ወደ አእምሮዬ የሚመጣ አይመስለኝም።

ወጣቱስ? ባለንብረቷ ዋሱን ፍርድ ቤት ከሰው ኤክሰሱን ለማስመለስ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ዋስነቱ ለገቢው እንጂ ለአደጋ ተብሎ ያልተጻፈ ከመሆኑም በላይ፣ ዋሱ ጎረቤታቸው ስለነበር ተዉት። ልጁ በዚያው ወር በዚያው መናኸሪያ በሌላ ሚኒባስ ላይ ተቀጠረ። የትራፊክ ደንብ ጥሰት በወቅቱ ይሠራበት በነበረው ደንብ ቁጥር 208/2003 መሠረት በመንጃ ፈቃዱ ባለቤት ስም ይመዘገብ ነበር፤ አዲሱ ቀጣሪው ግን ያንን መዝገብ አልጠየቀም፣ የዚያኛው መኪና መድን ሰጪም አልጠየቀም። ወይዘሮዋ ስለ ልጁ በስልክ የተጠየቁት ሥራ ከጀመረ ከወራት በኋላ ሲሆን፣ የሆነውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናግረዋል። አንድ ባለንብረት አዲስ ሾፌር ሲቀጥር ከዋሱ ወረቀት ጋር የጥሰት መዝገቡን ከፈቃድ ሰጪው ጽሕፈት ቤት ማስጠየቅና ሁለት የቀድሞ ቀጣሪዎችን መደወል ያለበት በቅጥሩ ዕለት ነው፤ በባሕር ዳር መናኸሪያ ሁሉም ባለንብረት እርስ በርሱ የሚተዋወቅ በመሆኑ ለመጠየቅ ከአንድ ሻይ በላይ ጊዜ አይወስድም።

በጥቅምት 2012 እድሳት ዓመቱ የካሳ ጥያቄ ሳይቀርብበት ስላለፈ ድርጅቱ ተጨማሪውን 25 በመቶ አነሣ፤ ኤክሰሱም ወደ 4,000 ብር ወረደ። ያለ አደጋ ላለፉ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ቅናሽ ግን ያን ጊዜ አልተመለሰም፤ እንደ ድርጅቱ ደንብ በቀጣዩ ዓመት ከታችኛው እርከን የሚጀምር ነበር። ዓረቦኑ ከ30,000 ወደ 24,000 ብር በመውረዱ፣ ለሾፌሩ በውላቸው መሠረት ግማሹ፣ 3,000 ብር፣ ተከፍሏቸዋል።